የፕሬዚዳንቱ ሁለት የእግር ጣቶች

ውድ ልሙኤል፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ በዚህ ቃል ስለሚጀመር ነው፤ ሌላ ነገር እንዳይመስልህ። ከጻፍኩት በኋላ ልሰርዘው ነበር፤ ወረቀት ማበላሸት ስለማልወድ ተውኩት።

መታመምህን ሰምቻለሁ። ልብህን እንደሆነና ሐኪሞቹ ደረጃ እንዳትወጣ እንደከለከሉህ ጋዜጣ ላይ አነበብኩ። እግዜር ይማርህ ልልህ ብዬ ብዕር ሳነሳ እጄ እምቢ አለኝ። እሱ ከፈለገ ይማርህ፤ ከእኔ ይልቅ ሆደ ሰፊ ነው። እኔ ግን ሳትሞት የምነግርህ አለኝ። ከሞትክ በኋላ ስላንተ የሚያወሩት ጥቁር ኮት የለበሱት ወዳጆችህ ናቸው፤ እኔን የሚጠይቀኝ የለም። ስለዚህ በሕይወት ሳለህ፣ የገዛ ሕይወትህን ከእኔ አፍ ስማው።

አባትህን አብነርን ሳገባ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አንተ አምስት አልሞላህም። እናትህ ፊቢ ከሞተች ሁለት ክረምት አልፏል፤ ቤቱ የወንድ ቤት ሆኖ፣ ድስቱ አርሮ ከምድጃው ጋር ተጣብቆ ነው ያገኘሁት። አባትህ እጅህን ይዞ አመጣህና «ከዛሬ ጀምሮ ይቺ ከእኛ ጋር ትኖራለች» አለህ። ከእግሬ እስከ ራሴ አየኸኝ።

«ምግብ መሥራት ትችላለች?» አልከው።

«ትሞክራለች» አለህ።

በዚያው ክረምት «እማ» አልከኝ። ማንም አላስገደደህም። ያልከኝም የበቆሎ ዳቦ እንድጨምርልህ ፈልገህ ነው፤ ቢሆንም ቃሉ ከአፍህ ወጣ፣ እኔም ሰማሁት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ የእንጀራ ልጄ መሆንህን ረሳሁት። ጥፋቴ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆንህ አባትህ እህል ሊያስፈጭ ወፍጮ ቤት ሄዶ ነበር። ትልቁን ምሳር እንዳትነካ ነግሮህ ነበር። አንተ ግን ከሲላስ ክራም ጋር ሆነህ ዛፍ ቆራጮች ነን ብላችሁ ከቤታችን ጀርባ ያለውን የኦክ ዛፍ ልትጥሉ ገባችሁ። ዛፉ ምንም አልሆነም። ሲላስ እየጮኸ ሲመጣ ሊጥ እያቦካሁ ነበር። ስደርስ ጫማህ ተሰንጥቆ፣ ሁለት የእግር ጣቶችህ ቅጠል ላይ ወድቀዋል፤ አንተ ደግሞ አታለቅስም፣ «አባዬ ይገርፈኛል» ብቻ ነው የምትለው። እግርህን በሽርጤ ጠቅልዬ አዘልኩህ። ፈረሶቹን አባትህ ወስዷቸዋል። ወንዙ ሞልቶ ነበር፤ ውኃው እስከ ደረቴ ደርሶ ዶክተሩ ቤት ያደረስኩህ በጀርባዬ ነው። መንገዱን ሙሉ ጆሮዬ ሥር «እማ፣ አትጣይኝ» ስትል ነበር። አልጣልኩህም።

ፊደል ያስቆጠርኩህ እኔ ነኝ። አባትህ ሲሞት አንተ አሥራ ሰባት ዓመትህ ነበር፤ እህትህ ሎቪና ገና በአራት እግሯ ትድሃለች። ትምህርቱን ትተህ እርሻውን ልትይዝ ፈለግክ። «ሂድ፣ ሕጉን አጥና፤ በቅሎዎቹን እኔ እነዳቸዋለሁ» ያልኩህ ትዝ ይልሃል? ነዳኋቸው። መጀመሪያ ፍርድ ቤት የቆምክበትን ኮት ሱፉን ፈትዬ፣ ሸምኜ፣ ሰፍቼ የሰጠሁህም እኔ ነኝ። እጅጌው ረዝሞብህ ነበር። ለቀጣዩ ዓመትም እንዲሆንህ ነበር እንዲያ ያስረዘምኩት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁሉም ያውቀዋል። ጠበቃ ሆንክ፤ አንደበትህ ያማረ ነበርና ስምህ ወጣ። ለክፍለ ግዛቱ ምክር ቤት ተመረጥክ፤ ከዚያ የኢንዲያና አገረ ገዥ ሆንክ። አገረ ገዥ ሆነህ እንኳ ለገና እየመጣህ፣ ወጥ ቤት ተቀምጠህ፣ ሎቪናን «አስተማሪዋ እመቤት» እያልክ ታስቃት ነበር። ያኔ ሎቪና እዚሁ ግራንትሃም ታስተምር ነበር። እውነቱን ልንገርህ፤ በዚያን ጊዜ ከእኔ የበለጠ የኮራች ሴት በአገሩ አልነበረችም። ቤተ ክርስቲያን ስገባ አንገቴን ቀና አድርጌ ነበር የምሄደው።

ፓርቲህ ለፕሬዚዳንትነት ሲያጭህ አንድ መነጽራም ሰውዬ ወደ ቤቴ መጣ። የሕይወት ታሪክህን ሊጽፍ እንደሆነ ነገረኝ። አስቀመጥኩት፣ የፖም ኬክ አቀረብኩለት፤ ሁለት ጊዜ ጨመርኩለት። ስለ ምሳሩ፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ኮቱ እጅጌ ሁሉ ነገርኩት። እሱም «ድንቅ ነው፣ እሜቴ፤ ድንቅ ነው» እያለ ጻፈ።

መጽሐፉ ሲወጣ ሎቪና ጮክ ብላ ታነብልኝ ጀመር። ጥቂት ገጽ አንብባ አቆመች።

«ምነው ተውሽው?» አልኳት።

«እማዬ፣ ይቅር።»

«አንብቢ።»

አነበበች። ክፉ የእንጀራ እናት ነበረችህ። እናቱ የሞተችበትን ሕፃን በውርጭ ሌሊት በረት ውስጥ ዘግታበት አደረች፤ ሲነጋ ሁለት የእግር ጣቶቹን ውርጭ በልቷቸው ተገኘ። ልጁ ግን ተስፋ ሳይቆርጥ፣ ከላሞቹ ትንፋሽ እየሞቀ፣ አገሩን ለመምራት ወሰነ። እንዲህ ይላል። በዘጠኝ ዓመቱ አገር ለመምራት የሚወስን ልጅ አላውቅም፤ የማውቀው ልጅ ግርፊያ የፈራ ነው።

መጀመሪያ የዚያ መነጽራም ሥራ ነው ብዬ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ሲንሲናቲ ላይ አንተው ራስህ መድረክ ላይ ቆመህ እንደተናገርከው ጋዜጣው ጻፈ። ሕዝቡ አለቀሰልህ አሉ።

ከዚያማ ዘፈን ወጣልኝ። መጥረጊያ ይዤ፣ አፍንጫዬ ላይ ኪንታሮት ተክለውብኝ ሥዕሌን በየሱቁ ለጠፉት። አፍንጫዬ ላይ ኪንታሮት የለም፤ አንተ ታውቃለህ። ከሌላ ከተማ በሠረገላ የሚመጡ ሰዎች በረቱን ለማየት አጥሬ ላይ ተንጠላጥለው ይቆሙ ነበር። አንዷ ሴትዮ «እሷ ናት? እንዲህ ስትታይ ደህና ሰው ትመስላለች» ስትል በጆሮዬ ሰማሁ። የግራንትሃም ሰዎች ግን እውነቱን ያውቁ ነበር። ወንዙን ተሻግሬ ስወጣ ያዩኝ ነበሩ። ግን ካሸነፍክ ሥራ የምታድለው አንተ ነህ። አንዱ የግምጃ ቤት ጸሐፊነት፣ አንዱ የቦይ ተቆጣጣሪነት ይጠብቃል። ሲላስ ክራም የፖስታ ቤት ሹምነት ከጅሏል። ሁሉም አፉን ዘጋ።

ሎቪና ለኢራ ዊትኮም ታጭታ ነበር፤ ለዚያ ለወፍጮ ቤቱ ልጅ። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነበር፣ ይኸውም ለእሷ ዘግይቶ የመጣ ደስታ ነው። የኢራ እናት አንድ ቀን ሻሿን አስራ መጣች። አልቀመጥም አለች።

«ታቢታ፣ እኔ አንቺን ክፉ ናት አልልም» አለችኝ፤ «ግን ዘመዶቼ ኬንታኪ ናቸው፤ መጽሐፉን አንብበውታል። ልጄ ከዚያች ሴትዮ ቤት አገባ ሲባል አፍራለሁ።»

«ወንዙ ዳር ልብስ ስታጥቢ አላየሽኝም? ልጁን አዝዬ በፊትሽ አላለፍኩም?»

«አይቻለሁ» አለች። «ግን እኔ ብቻዬን አይቼ ምን ይረባል?»

ኢራ ራሱ አልመጣም። ያን ጊዜ ነው ሎቪና ሻንጣዋን ያዘጋጀችው። በጸደይ ወደ ኦሪገን ከሚሄድ ቤተሰብ ጋር፣ ልጆቻቸውን እያስተማረች ለመሄድ ተዋዋለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ኖሮ ትቆይ ነበር ብዬ አስባለሁ።

አንተ ተመረጥክ። ወደ ዋሽንግተን ስታልፍ ኢንዲያናፖሊስ ሆቴል እንዳረፍክ ሰምቼ መጣሁ። በር ላይ ግማሽ ቀን አቆሙኝ። ስትወጣ በዙሪያህ ብዙ ሰው ነበር፤ እኔን ስታይ ጎትተህ ወደ ጥጉ ወሰድከኝ።

«እማ፣ ፖለቲካ ነው» አልከኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሰው መከራ ያየ ሰው ይወዳል። ምሳር ብል የጅል ጨዋታ ይሆናል። አንቺን የሚያውቅሽ ያውቅሻል።»

«ሎቪናስ? እጮኛዋ እኮ ተዋት።»

«እንዲህ ያለ ወንድ ድሮም አይረባትም። ሌላ ታገኛለች።»

«ይቅርታ በላት። አንድ ጊዜ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ውሸት ነው በል።»

ሰዓትህን አየህ። «ባቡሩ ሊሄድ ነው» አልክ። እጄን ጨበጥከኝ፤ እንደ ማንኛውም መራጭ ነው የጨበጥከኝ። ከዚያ ሠረገላህ ውስጥ ገባህና አንድ ሰው በሩን ፊቴ ላይ ዘጋው።

ልሙኤል፣ ለዚያ በር ነው ይኼ ሁሉ። በመጽሐፉ ላይ ይቅር ልልህ እችል ነበር። አፍህ ሞቅ ሲለው ልጅ ሆነህም ታጋንን ነበር። ለዚያ በር ግን ይቅር ማለት አልቻልኩም፤ ሞክሬም አላውቅም።

አራት ዓመት ጠበቅኩህ። እንደምትመጣ አውቅ ነበር። ሥልጣን ሊያበቃና እንደገና ምርጫ ሲቀርብ፣ የትውልድ መንደሩን የማያስታውስ የለም። በሐምሌ፣ በነጻነት ቀን፣ «ዘመድ ልጠይቅ ነው» ብለህ መጣህ። በሬ ተጠብሷል፣ የሙዚቃ ባንዱ ይነፋል፣ ከአምስት ወረዳ ሰው መጥቷል፤ ጋዜጠኞቹ ከፊት ተደርድረዋል። እኔ የእሁድ ባርኔጣዬን አድርጌ ከሴቶቹ መሐል ተቀመጥኩ። እውነቱን ለመናገር ብትተወው እተውህ ነበር። የበረቱን ወሬ ሳታነሳ ንግግርህን ብትጨርስ ኖሮ ተነስቼ ቤቴ እገባ ነበር። እስከ መጨረሻው ጠበቅኩህ።

«ያቺ ሴትዮ» አልክ፤ «በሩን ከውጭ ቀርቅራብኝ ሄደች።»

ተነሳሁ።

«ልሙኤል» አልኩ።

ንግግርህን አቆምክ። ሳታስበው «እማ» አልክ። ሰው ሁሉ ሰማህ። ከፊት ያሉት ጋዜጠኞች ዞረው አዩኝ።

«ጫማህን አውልቅ» አልኩህ።

አንድ ሰው ሳቀ። አንተም ለመሳቅ ሞከርክ። «እናታችንን ዛሬ ፀሐዩ መቷታል መሰለኝ» አልክ።

«ፀሐይ አልመታኝም። ጫማህን አውልቅና ለሰው አሳይ። ውርጭ የበላው ጣት ጫፉ ጠቁሮ፣ ተኮማትሮ ነው የሚቀረው። የአንተ በምሳር ነው የተቆረጠው። ጠባሳው በእግርህ ጀርባ ላይ አግድም ሄዷል። እኔ የጠቀለልኩት እግር ነው፣ አይጠፋኝም። ከተሳሳትኩ አሳይና አሳፍረኝ።»

ከኋላ አንድ ገበሬ «ታዲያ ያውልቅና ይገላግለን፤ ምን ይከብዳል» አለ።

አንተ ሲላስን አየኸው። እኔም አየሁት። የፖስታ ቤቱን ኮት ለብሶ ከመድረኩ ሥር ቆሟል።

«ሲላስ፣ ምሳሩን ያነሳችሁት አብራችሁ ነው» አልኩት። «ንገራቸው።»

«ቆይቷል፣ ታቢታ» አለ መሬት መሬት እያየ። «ትዝ አይለኝም።»

የቄሱ እናት፣ ጆሮዋ የማይሰማው አሮጊት፣ ያን ቀን ግን እንዴት እንደሰማች እንጃ፣ «አንተ ሲላስ» አለችው፤ «ማን ለማን ደብዳቤ እንደጻፈ ሁሉ ታስታውስ የለ? ይኼ ነው የጠፋህ?»

አገሩ በሳቅ ተናጋ። አንተ «የመንበሬ ክብር በአደባባይ ጫማ እንዳወልቅ አይፈቅድልኝም» አልክ። ያኔ አለቀልህ። ሰው መጀመሪያ ከኋላ፣ ከዚያ ከየጥጉ «ያውልቅ፣ ያውልቅ» ማለት ጀመረ፤ በእግሩ መሬቱን እየመታ። ባንዱ ጩኸቱን ሊያዳፍን መንፋት ሲጀምር የባሰ ሆነ፤ እግራቸውን ከከበሮው ጋር አስማሙት። አጃቢዎችህ በመድረኩ ጀርባ አወጡህ። ስትወርድ ያ እግርህ ያነክስ ነበር፤ ስትፈራ ሁልጊዜ ታነክሳለህ።

ተቀናቃኞችህ እስከ ምርጫው ድረስ በየከተማው ቦት ጫማ በረዥም እንጨት ሰክተው ሰልፍ ወጡ። ኢንዲያናን አጣህ፤ በእሷም የተነሳ መንበሩን አጣህ። ወሬው በደረሰ ቀን የፖም ኬክ ጋግሬ ብቻዬን በላሁ። አልዋሽህም፤ እንደዚያን ቀን የጣፈጠኝ ምግብ የለም። በማግስቱም ጣፈጠኝ። ሰዎች በቀል ኋላ ይመርራል ሲሉ እሰማለሁ፤ እኔን አልመረረኝም። ልጄን ግን አላመጣልኝም። ሎቪና ኦሪገን አግብታ፣ ወልዳ፣ እዚያው ቀረች። የልጅ ልጆቼን ፊት አላውቀውም። «ልሙኤልን ይቅር በይው፣ እማዬ፤ እኔ ትቼዋለሁ» ብላ ጽፋልኛለች። እሷ የአባቷ ልጅ ናት፤ ልቧ ለስላሳ ነው። እኔ አይደለሁም።

እዚህም ሰዎቹ ጠሉኝ። አዲሱ መንግሥት ሲመጣ ሹመቱን ሁሉ ተነጠቁ። ሲላስ ደጄ ላይ ቆሞ «እንጀራዬን ከአፌ ነጠቅሽኝ» አለኝ። «አፍህማ አራት ዓመት ሙሉ ተዘግቶ ነበር፤ ከዚያ ምን ሊነጠቅ ይችላል?» አልኩት። ከዚያ ወዲህ አላነጋገረኝም፤ ባለፈው ክረምት ሞተ።

አንተም በሰው ከተማ ተቀምጠህ ዝም አልክ። አሥራ አምስት ዓመት አንድ ቃል አልላክህልኝም። ባለፈው ሳምንት ግን ሚስትህ ኦገስታ መጣች። ሠረገላዋን ታች ትታ ዳገቱን በእግሯ ነው የወጣችው፤ ለዚያ አከበርኳት።

«ወይዘሮ ሃስኬል» አለችኝ።

«አንቺም ወይዘሮ ሃስኬል ነሽ፤ እንዳንምታታ ታቢታ በይኝ። ግቢ።»

ተቀመጠች። ጓንቷን አወለቀች፣ መልሳ አደረገች።

«እየሞተ ነው» አለች። «በዋናው ከተማ የክብር መቃብር ቦታ ሰጥተውት ነበር፤ አልፈልግም አለ። ከአባቴ ጎን ካልሆነ አልተኛም ይላል። አባቱ የተቀበሩበት ጉብታ ደግሞ የእርስዎ መሬት ነው።»

«ለምን ራሱ አልጻፈም?»

«ያፍራል።»

«ማፈር መቼ ጀመረ?»

ጓንቷን እንደገና አወለቀች። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አልኳት። «ሚስቱ ነሽ፤ እግሩን አይተሽዋል። ውርጭ ነው ሲልሽ አመንሽው?»

ዓይኗን መስኮቱ ላይ አደረገች። «ገና ሙሽራ ሳለሁ ምሳር እንደሆነ ነግሮኛል» አለች። «እናቴ አዝላ አሻገረችኝ ብሎ ነው የነገረኝ። ሲነግረኝም አልቅሷል። ስለ በረቱ የሰማሁት እንደ ሕዝቡ መድረክ ላይ ነው።»

ልሙኤል፣ ይኼን ስሰማ ንዴቴ የሚበርድ መስሎኝ ነበር። ባሰ። እያወቅክ፣ እያለቀስክ ሸጥከኝ ማለት ነው።

«መልሱን ለራሱ እጽፍለታለሁ» ብዬ ሸኘኋት። ይኸው መልሱ። ከመልሱ በፊት ግን ማንም የማያውቀው አንድ ነገር አለ፤ አባትህ ብቻ ነበር የሚያውቀው።

በጀርባዬ ያሻገርኩህ ቀን ነፍሰ ጡር ነበርኩ። የመጀመሪያዬ ነበር፤ ሆዴ ገና አልወጣም፣ ለማንም አልነገርኩም ነበር። ቀዝቃዛው ውኃ ይሁን ክብደትህ፣ በሦስተኛው ቀን ፅንሱ ጨነገፈ። አንተ አልጋው ላይ እግርህ ታስሮ «እማ፣ ውኃ» ስትል፣ እኔ ከመጋረጃው ወዲያ ነበርኩ። ተነስቼ ውኃውን ሰጠሁህ። አባትህ ጉብታው ላይ ቀበረው፤ ስም ስላልነበረው ድንጋዩ ላይ ምንም አልተጻፈም። ከዚያ በኋላ ሎቪና እስክትመጣ ስንት ዓመት ማሕፀኔ ዝም አለ። አንድም ቀን አንተን ተጠያቂ አላደረግኩህም። ሕፃን ነበርክ። ልጅ በልጅ ተተካ ብዬ ነው አንተን የያዝኩህ። በዓለም ፊት ልጅ ጣለች ብለህ ያስጻፍክባት ሴት ያንተን ክብደት ተሸክማ የራሷን የጣለች ናት። ይኼንን ይዘህ ተኛ።

አሁን ወደ መልሱ። ከአባትህ በስተቀኝ እናትህ ፊቢ አለች፤ ሴትዮዋ ምንም አላደረገችኝም፣ አልነካትም። በግራው የእኔ ቦታ ነው፤ አልለቅልህም። ግርጌ ላይ ግን፣ ከዚያ ስም ከሌለው ሕፃን አጠገብ፣ አንድ ሰው የሚበቃ ቦታ አለ። ያንን እሰጥሃለሁ።

ድንጋዩን የማስጠርበው ግን እኔ ነኝ። ከፓርቲህ ማንም ቃል አይጨምርበትም። ንስር አይቀረጽበትም፣ ባንዲራ አይኖርበትም፤ አገረ ገዥ የሚል የለም፣ ፕሬዚዳንት የሚል የለም። እንዲህ ብቻ ነው የሚባለው፦ «ልሙኤል፣ የአብነርና የፊቢ ልጅ። ታቢታ አሳደገችው።» በረቱን ሊያዩ አጥሬ ላይ የተንጠላጠሉት ሰዎች ልጆች መቃብርህን ሊያዩ ሲመጡ፣ የሚያነቡት ይኼንን ነው። ሌላ ምንም አያገኙም።

ከተስማማህ ራስህ በእጅህ ጽፈህ ላክ፤ በኦገስታ እጅ የተጻፈ አልቀበልም። ካልተስማማህ ዋና ከተማው ውስጥ እብነ በረድ ሞልቷል፣ እዚያ ተኛ። አትለማመጠኝ፤ የድንጋዩን ጽሑፍ አላሳጥረውም፣ አላስረዝመውም።

እኔ ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ዓይኔ ያነባል፣ ጉልበቴ ዳገቱን ይወጣል፣ ልቤንም አያመኝም። መጠበቅ እችላለሁ። መፍጠን ያለብህ አንተ ነህ።

ታቢታ ሃስኬል
ግራንትሃም፣ ኢንዲያና